ምድርን መጠበቅና የወንጌል አማኞች፦ ከእንጅባራና ከዳንግላ ምን እንማራለን?



«የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለው ቃል ሲነሳ ብዙዎቻችን ጉዳዩን ለሳይንቲስቶች፣ ለመንግሥትና ለውጭ ድርጅቶች እንተወዋለን። በመድረካችን ስለ ጸሎት፣ ስለ ጋብቻና ስለ አገልግሎት ብዙ ይሰበካል፤ ስለ አፈር፣ ስለ ውኃና ስለ ደን ግን እምብዛም አንሰማም። ሆኖም ዝናቡ በዘገየበት ዓመት ለጸሎት ወደ ቤተክርስቲያን የሚመጣው ገበሬ የሚያለቅሰው በዚሁ ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሃይማኖት ማኅበረሰቦች ለአየር ንብረት ለውጥና ለአካባቢ ፍትሕ የሰጡትን ምላሽ እንመለከታለን። ምሳሌያችንን በዋናነት ከአዊ ዞን፣ በተለይም ከእንጅባራና ከዳንግላ አካባቢ እንወስዳለን።

አስቀድመን ሁለቱን ቃላት እንለያቸው። የአየር ንብረት ለውጥ ማለት በነዳጅ፣ በድንጋይ ከሰልና በደን ቃጠሎ የተነሳ የምድር ሙቀት መጨመሩና የዝናቡ ሥርዓት መዛባቱ ነው። የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት እንዳስታወቀው፣ 2024 እ.ኤ.አ. ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው አማካይ ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ የበለጠ የሞቀ የመጀመሪያው ዓመት ሆኖ ተመዝግቧል። የአካባቢ ፍትሕ ደግሞ «ጥፋቱን ያደረሰው ማን ነው? ዋጋውን የሚከፍለውስ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ጉዳይ እውቀት ይጠይቃል። ሁለተኛው ግን ነቢያትና ሐዋርያት በብርቱ የተናገሩበት ነው።

አዊ ዞን፦ ዝናብ ያለው ምድር ለምን ይጨነቃል?

አዊ ዞን በአማራ ክልል ምዕራባዊ ክፍል ይገኛል። የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። የቀድሞ ስሟ ኮሶበር የኮሶን ዛፍ ያስታውሳል። በአቅራቢያዋ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረው የዘንገና ሐይቅ አለ። ተራሮቿም ቀርከሃ የሚያበቅሉ ናቸው። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዳንግላ ዝቅ ያለች ወይናደጋ ናት። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዞኑ ከ980 ሺህ በላይ ሰው ቆጥሯል። ከመቶ 94 ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታዮች፣ ከመቶ አራት ተኩል ያህሉ ሙስሊሞች ነበሩ። ወንጌላውያን አማኞች የሚገኙበት ቀሪው ቁጥር በጣም ትንሽ ነው።

ይህ አካባቢ እንደ ሶማሌ ክልል ወይም እንደ አፋር ድርቅ የሚጠብሰው ምድር አይደለም። «ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?» የሚል ይኖራል። ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣል።

አንደኛው የአፈሩ ጉዳይ ነው። በደጋው የሚወርደው ከባድ ዝናብ የአፈሩን ንጥረ ነገር እያጠበ ይወስደዋል፤ አፈሩም አሲዳማ ይሆናል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከመቶ 40 በላይ የሚሆነው በዚህ ችግር የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። አዊም ከእነዚህ አካባቢዎች አንዱ ነው። አሲዳማ አፈር ላይ ገብስና ስንዴ በደንብ አይዙም፤ ማዳበሪያም ቢጨመር ጥቅሙ ይቀንሳል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ኖራ ግን ከባድ ነው፣ ከሩቅ ይመጣል፣ ድሃው ገበሬም በቀላሉ አያገኘውም።

ሁለተኛው የውኃ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ዝናብ የሚወርደው በክረምት ወራት ነው። በበጋ ደግሞ የዳንግላ አካባቢ ገበሬ በእጅ በተቆፈረ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ላይ ይደገፋል። ጎርፉ ወደ መሬት ሳይሰርግ ከወረደ በበጋ ጉድጓዱ ይጎድላል፤ እንስራ ተሸክመው ርቀው የሚሄዱት ደግሞ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው።

ስለ ዳንግላ ስናነሳ አንድ የሚያበረታታ ነገር አለ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳንግላ ወረዳ የዳንግሽታ ቀበሌ ነዋሪዎች ከእንግሊዙ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዶቹን ውኃ ራሳቸው እየለኩ መዝግበዋል። ተመራማሪዎቹ መረጃውን ከመደበኛ የመለኪያ ጣቢያዎች ጋር አመሳክረው እምነት የሚጣልበት ሆኖ አግኝተውታል። የገጠር ሰው ስለ ራሱ ምድር አስተማማኝ ምስክር መሆን እንደሚችል ይህ ያሳያል።

የዲከረንስ ዛፍ፦ በረከቱና ሸክሙ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚጓዝ ሰው መንገዱን ተከትሎ አረንጓዴ የዛፍ ማሳዎችን ያያል። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣው የግራር ዘመድ ነው፤ ሕዝቡ ዲከረንስ ይለዋል። በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ካለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት ወዲህ ገበሬዎች በብዛት ተክለውታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር ይተከላል። ቀጥሎ ከዛፎቹ ሥር የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል። አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሞላው ዛፉ ተቆርጦ በአፈር ተሸፍኖ ይከሰላል፤ ከሰሉም በጆንያ ተሞልቶ አዲስ አበባን ጨምሮ ወደ ትላልቅ ከተሞች ይጫናል። ከዚያም መሬቱ እንደገና ይታረሳል።

ጥቅሙ ብዙ ነው። የተራቆተው ኮረብታ አረንጓዴ ለብሷል፤ የዛፉ ሥር ናይትሮጅን ለአፈሩ ስለሚሰጥ ከቆረጣ በኋላ የሚዘራው እህል ይሻላል፤ ገበሬው ከሽያጩ ቤት ይሠራል፣ ልጅ ያስተምራል። ከሰሉም ተተክሎ ካደገ ዛፍ ስለሚገኝ በተፈጥሮ ደን ላይ የሚያርፈውን መጥረቢያ ይቀንሳል።

ሸክሙም አለ። ከሰል በሚከሰልበት ወቅት ጭሱን የሚተነፍሱት ባብዛኛው በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ወጣቶች ናቸው። መሬት ያለው ከዛፉ ያተርፋል፤ መሬት የሌለው የሚያገኘው የቀን ክፍያና ጭሱን ነው። እህል ይበቅልበት የነበረው ማሳ ወደ ዛፍ ሲቀየር እህል ሸምቶ የሚበላው ድሃ ይጎዳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ተነስቶ ብዙ ማሳ አጥቅቷል። ኑሯቸውን በአንድ የዛፍ ዓይነት ላይ የጣሉ ቤተሰቦች ደንግጠዋል።

ወገኖቼ፣ የአካባቢ ፍትሕ የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ነው። በአዲስ አበባ ቡና የምናፈላበት ከሰል ከአንድ ሰው ሳንባ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ሐዋርያው ያዕቆብ የሠራተኛው ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ አስተምሯል (ያዕ. 5፥4)። የሠራተኛው ሳልስ አይጮኽም ትላላችሁ?

የእምነት ማኅበረሰቦች ምን አደረጉ?

ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች ከቀረው የጥንት ደን አብዛኛው የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ በሌላ ቦታ ሲጠፉ በዚያ ተርፈዋል። በትውፊቱ ደኑ የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ነው፤ የኤደንም ምሳሌ ሆኖ ይታያል። ኢትዮጵያዊው የደን ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እና አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ላውማን ከካህናትና ከምእመናን ጋር በመሆን በደቡብ ጎንደር በርካታ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በድንጋይ አጥር እንዲከበቡ አድርገዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ከብት ከገባ ቡቃያው ይበላል፤ ቡቃያ ከሌለ ትልቁ ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው አይኖርም። ከማሳ የተለቀመው ድንጋይ አጥር ሲሆን ገበሬውም ማሳው ይጸዳለታል። ይህ ሥራ ከእኛ ወገን ስላልሆነ ልናልፈው አይገባም። የወንዞቻችን ምንጭ፣ የንቦቻችን አበባና የአገር በቀል ዛፎቻችን ዘር በእነዚህ ደኖች ተጠብቆልናል።

ሙስሊሞችና ካቶሊኮች። በነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ. ከብዙ አገሮች የተሰባሰቡ የእስልምና ምሁራን በኢስታንቡል ስለ አየር ንብረት ለውጥ መግለጫ አውጥተዋል፤ ሰው በምድር ላይ ኃላፊነት የተሰጠው ባለ አደራ መሆኑንም አስታውሰዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ሊቀ ጳጳሳት ፍራንሲስ ላውዳቶ ሲ የተባለውን መልእክት አስተላልፈዋል፤ የምድር ጩኸትና የድሆች ጩኸት እንደማይነጣጠሉም አሳይተዋል።

ወንጌላውያን። እኛስ? ብዙ ጊዜ «ዘግይተናል» ይባላል፤ በከፊል እውነት ነው። ሆኖም መሠረቱ በቤታችን ነበር። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1972 እ.ኤ.አ. ቤተክርስቲያናቸው ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ ዋነኛ ሰው ነበሩ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር የወንጌል ስብከትና የሰው ልማት ተነጣጥለው መታየት እንደሌለባቸው፣ ሰው በነፍሱም በሥጋውም ሙሉ ሆኖ መገልገል እንዳለበት ነበር። ቄስ ጉዲና በ1979 እ.ኤ.አ. በደርግ ዘመን ተገደሉ፤ ትምህርታቸው ግን እስከ ዛሬ ይመራናል።

የቃለ ሕይወት ቤተክርስቲያንም በ2002 እ.ኤ.አ. በናዝሬት በጥቂት ቡድኖች የራስ አገዝ ሥራ ጀመረች፤ በእንግሊዝ የሚገኘው ቴርፈንድ ደግሞ ደግፏታል። ጎረቤታሞች በየሳምንቱ ጥቂት ብር ይቆጥባሉ፤ ለችግር ጊዜ ይበዳደራሉ። ቡድኖቹ ዛሬ በብዙ አካባቢዎች ተስፋፍተዋል። ዝናብ በቀረበት ዓመት ቁጠባ ያላት እናት በሬዋን ወይም የዘር እህሏን ለመሸጥ አትቸኩልም።

በአካባቢ ጥበቃ ረገድ ደግሞ የሁምቦ ታሪክ መታወቅ አለበት። በወላይታ ሁምቦ ተራራ ላይ ደኑ ተጨፍጭፎ ጎርፍና ናዳ ሕዝቡን ያስቸግር ነበር። ወርልድ ቪዥን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከነዋሪዎቹ ጋር 2,728 ሄክታር መሬት ከልሎ እንዲያገግም አደረገ። አብዛኛው ዛፍ አልተተከለም፤ ከተቆረጠው ጉቶ ሥር እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ተጠበቀ፣ ቅርንጫፉም ተገረዘ። ፕሮጀክቱ በ2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ፤ የአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከካርቦን ሽያጩ ገቢ አግኝተዋል።

ይህን ዘዴ ያስፋፋው አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ ነው። በ1980ዎቹ በኒጀር በኤስ አይ ኤም ሚሲዮን ሥር ያገለግል ነበር፤ ይህ ሚሲዮን በኢትዮጵያ ለቃለ ሕይወት ቤተክርስቲያን መሠረት የጣለው ነው። የተከላቸው ችግኞች አብዛኞቹ ደርቀውበት ተስፋ በቆረጠበት በ1983 እ.ኤ.አ.፣ ቁጥቋጦ የመሰለው ነገር የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ መሆኑን አስተዋለ። ሥሩ አልሞተም ነበር። በኒጀር በዚህ መንገድ 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ዛፍ ለብሷል፤ ሪናውዶም በ2018 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል።

በዓለም ደረጃ በ2010 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን የተሰበሰበው የሎዛን ጉባኤ ፍጥረትን መንከባከብ ለክርስቶስ ጌትነት ከመገዛት የማይለይ የወንጌል ጉዳይ መሆኑን በሰነዱ አጽንቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጃማይካ ተመሳሳይ ጥሪ ተላልፏል።

በመካከላችን የሚነሱ ሦስት ጥያቄዎች

1. «ምድር የምታልፍ ከሆነች ለምን እንደክማለን?» ይህን የሚሉ ወገኖች 2ኛ ጴጥሮስ 3ን ይጠቅሳሉ። ሐዋርያው ግን ከዚያ ያወጣው መደምደሚያ በቅድስና መኖር እንደሚገባን ነው። ሥጋችንም ያልፋል፤ ሆኖም ስንታመም እንታከማለን። ጳውሎስ ደግሞ ፍጥረት ከጥፋት ባርነት ነጻ መውጣትን እየጠበቀች እንደምትቃትት ያስተምራል (ሮሜ 8፥19-22)። በኤደን ለሰው የተሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ገነቲቱን ማበጀትና መጠበቅ ነበር (ዘፍ. 2፥15)። ምድርም የእግዚአብሔር ናት (መዝ. 24፥1)፤ እኛ ተከራዮች ነን።

2. «ዛፍን ማክበር ወደ አምልኮ አይወስድም?» ይህ ፍርሃት ከታሪክ የመጣ ነው። አያቶቻችን በአድባር ዛፍ ሥር ቅቤ ሲቀባ፣ መሥዋዕት ሲቀርብ አይተዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ለምሳሌ በጋሞ ደጋዎች፣ ወንጌል ሲስፋፋ ቅዱስ ይባሉ የነበሩ ዛፎችና ደኖች ጥበቃቸው መላላቱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። አምልኮው መተው ነበረበት፤ ዛፉ ግን ጥፋት አልነበረበትም። ሕጉ በከበባ ጊዜ እንኳ የሚበላ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆረጥ ያዝዛል (ዘዳ. 20፥19)።

3. «ጥፋቱን ያደረሱት ባለጸጎች ናቸው፤ እኛ ምን አገባን?» የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነው። መላው አፍሪካ ለዓለም ብክለት የሚያበረክተው ከመቶ 4 ገደማ ብቻ ሲሆን የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ አንድ በታች ነው። ስለዚህ ፍትሕ መጠየቅ ምጽዋት መለመን አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. በግብጽ ሻርም ኤል ሼክ በተደረገው ጉባኤ ለተጎዱ አገሮች የኪሳራና ጉዳት ፈንድ እንዲቋቋም ተወስኗል። በ2027 እ.ኤ.አ. የሚካሄደውን 32ኛውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ እንድታስተናግድም ተወስኗል። ቤተክርስቲያናት በዚያ ጊዜ ስለ ድሃው ገበሬ የሚናገሩት ነገር ሊኖራቸው ይገባል። ነገር ግን የባለጸጋው ዕዳ የእኛን ጉድጓድ አይሞላም፤ የእኛንም ኮረብታ ከጎርፍ አይጠብቅም። ደጉ ሳምራዊ ወንበዴዎቹ እስኪያዙ አልጠበቀም።

ትንሽ ጉባኤ ምን ማድረግ ትችላለች?

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ያለች የወንጌል አማኞች ጉባኤ እንደ ደብሩ ሰፊ ደን የላትም፤ አባላቷም ጥቂት ናቸው። ይሁንና የሚከተሉትን ለማድረግ ብዙ ሀብት አይጠይቅም።

1. ማስተማር። በዓመት ቢያንስ አንድ እሑድ ስለ ፍጥረት ይሰበክ። የሰንበት ትምህርት ልጆች የአገር በቀል ዛፎችን ስም ይማሩ። ኮሶን ሳያውቅ በኮሶበር የሚያድግ ልጅ እንዳይኖር።

2. በቅጥር ግቢና በመቃብር ቦታ መትከል። በብዙ አካባቢ አማኞች የመቃብር ቦታ ያገኙት በብዙ ድካም ነው። ያ ቦታ ባዶ ሜዳ ሆኖ ከሚቀር ጽድና ወይራ ቢተከልበትና ቢታጠር ለሟች ክብር፣ ለሕያው ጥላ ይሆናል።

3. ከተከሉ በኋላ መንከባከብ። በክረምት ተተክሎ በበጋ የሚደርቅ ችግኝ ብዙ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ የመትከልን ልማድ አስፋፍቷል፤ ቤተክርስቲያን ልትጨምርበት የምትችለው ጥበቃውን ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለአምስት ችግኝ ኃላፊነት ወስዶ ከጥር እስከ ግንቦት ውኃ ያጠጣ። ጉቶ ባለበት ደግሞ ከመትከል በፊት ጉቶውን እንጠብቅ።

4. በአንድ ዛፍ ላይ አለመደገፍ። ዲከረንስ ያላቸው ገበሬ አባላት ከማሳቸው ከፊሉን ለቀርከሃ፣ ለአፕል፣ ለድንች ወይም ለንብ እርባታ እንዲያውሉ ከግብርና ባለሙያ ጋር ይመካከሩ። የራስ አገዝ ቁጠባ ቡድን ለዚህ መነሻ ገንዘብ ይሆናል።

5. ለከሰል ሠራተኛው ማሰብ። ቀጣሪ የሆነ አማኝ ተገቢውን ክፍያ በጊዜው ይክፈል፤ ሠራተኛው ከጭሱ ራቅ ብሎ የሚያርፍበት ጊዜ ይስጠው። የከተማ አማኞች ከሰል በሚቆጥብ ምድጃ ይጠቀሙ፤ በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድ ሕይወት እንደሚያጠፋም ለጎረቤት ይንገሩ።

6. ከጎረቤት ጋር መሥራት። ጎርፍ የኦርቶዶክሱንና የሙስሊሙን፣ የእኛንም ማሳ ለይቶ አያጠቃም። ለተፋሰስ ሥራ ሕዝቡ ሲወጣ ቀድመን እንገኝ። የደብሩ ደን ሲታጠር ድንጋይ አብረን እናቀብል። በአስተምህሮ የምንለያይበት ነገር አለ፤ በምንጭ ውኃ ላይ ግን አንለያይም። ክልሉ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግጭት ውስጥ ባለፈበት ጊዜ ደግሞ እንዲህ ያለው የጋራ ሥራ ለሰላምም ይጠቅማል።

ውድ ወገኖች፣ ክርስቶስ በመስቀሉ ደም ያስታረቀው በምድርና በሰማያት ያለውን ሁሉ ነው (ቆላ. 1፥20)። አፈሩም፣ ምንጩም፣ ጭስ የሚተነፍሰው ወጣትም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ስለዚህ በመጪው እሑድ ከጉባኤያችሁ ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡና ከላይ ካሉት ስድስት ነጥቦች አንዱን ብቻ መርጣችሁ ጀምሩ። ሁሉን አንድ ጊዜ ለማድረግ የተነሳ ብዙ ጊዜ አንዱንም አይፈጽምም። አንዱን በታማኝነት የያዘ ግን ለሚቀጥለው ትውልድ ጥላ ያወርሳል።

ጌታ ማስተዋልንና የሚሠራ እጅን ይስጠን። አሜን።